የመምህር ሀብተሥላሴ ጥቁር ጫማ

ጡረተኛው መምህር ሀብተሥላሴ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ገደል ሥር ሞተው የተገኙት በሐምሌ 1995 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። የቦንጋ ዝናብ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ኢንስፔክተር ትርንጎ ቁልቁለቱን እየተንሸራተተች ወረደችና አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የመምህሩ ጭንቅላት ከኋላው ተፈንክቷል። እግራቸው ላይ ጥቁር የቆዳ ጫማ አለ፤ ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ካልሲ የለም።

«ወደ ማንኪራ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሲሄዱ አዳልጧቸው ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ትርንጎ የጫማውን ሶል አየች፤ ከዚያ የራሷን። የእሷ በጭቃ ከብዶ መራመድ አቅቷታል። የመምህሩ ግን ንጹሕ ነው።

«በዚህ ጭቃ የተራመደ ሰው ሶሉ እንዴት ንጹሕ ይሆናል?» አለች። ወደ ቤቱ ተመልሳ ወጣች።

የመምህሩ ባለቤት እትዬ የሻረግ ከሺሺንዳ ገበያ ገና መመለሳቸው ነበር። ያሳፈራቸው መኪና ሾፌር ጧት ወስዷቸው አሁን እንደመለሳቸው አረጋገጠ። አስከሬኑ በቃሬዛ ሲመጣ እግሩ ላይ ያለውን ጫማ አይተው ለቅሷቸውን ገቱ።

«ይህን ማን አደረገለት?»

«ጫማው የሳቸው አይደለም?»

«የድሮ ጫማው ነው። ወንድሜ ይጫማው ብዬ ትናንት ቀለም ቀብቼ በር ሥር አስቀመጥኩት። ልጄ፣ ስኳሩ እኮ እግሩን ጎድቶታል! ምስማር ቢወጋው የማያውቅበት ቀን አለ፤ ደግሞ አንሶላ ሲነካው እንደ እሳት የሚለበልበው ቀን አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫማ ፍለጋ ተንከራተትን። ጅማ ድረስ ሄጄ ሸራ ጫማ ገዛሁ፤ ጣቱ ጋ በምላጭ ቀደድንለት፣ አልሆነም። ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ገዛን፤ እየተንሸራተተ ተረከዙን ላጠው። በመጨረሻ ጫማ ሰፊው ያሲር ነው በልኩ ሠርቶ የገላገለን።»

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

አሮጊቷ አመነቱ። «የሚጠላው የለም። ሰኞ ግን ከትምህርት ቢሮ ደብዳቤ መጣለት፤ የአንድ ተማሪህን የትምህርት ማስረጃ አጣርተህ መልስ የሚል። ስሙን አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ እህል አልበላለት አለ።»

ጫማ ሰፊው ያሲር ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። ትናንት መምህሩ ሲጮሁበት ጎረቤት ሰምቷል፤ ፖሊሱም ሊይዘው ቸኩሏል። ትርንጎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጫማ አነሳች፤ ማሰሪያ የለውም፣ ጣቱ ጋ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ለስላሳ የበግ ቆዳ።

«የጋሽዬ ነው» አለ ያሲር ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «እግራቸውን ካርቶን ላይ ሥዬ አምስቴ አፍርሼ ነው የሠራሁት። ትናንት የተቆጡኝ ውስጡ የቀረች አንዲት ስፌት አውራ ጣታቸውን ስለበላቻቸው ነው። በውጭ በኩል ልስፋው ብዬ ተቀበልኳቸው። ዛሬ ማታ ላደርስላቸው ነበር።»

«እስከዚያ ምን ሊጫሙ?»

«ምንም። በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግራቸውን ይቀመጣሉ፤ ቅዝቃዜው ያስታግስላቸዋል። ያለዚህ ጫማ ከደጅ አይወጡም።»

በማግስቱ ጧት ትርንጎ በቅርብ የተሾመ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ካለ አጠያይቃ፣ አቶ በዛብህን ቢሮው አገኘችው። አዋሳ ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ኃላፊ ሆኖ ከተመለሰ ገና ሳምንቱ ነው።

«እንደ አባት ነው ያስተማሩኝ» አለ። «ሄጄ ሳልጠይቃቸው አመለጡኝ።»

«በዝናብ ለምን የወጡ ይመስልዎታል?»

«እሳቸው መቼ ቤት መዋል ይችላሉ? ጫማቸውን ጥብቅ አድርገው አስረው መንገድ መምታት ነው ልማዳቸው።»

ትርንጎ በኮቱ እጅጌ ሥር ብቅ ያለውን ነጭ ሸሚዝ አየች። ጫፉ ላይ ጥቁር እድፍ አለ።

«የማኅተም ቀለም ነው» አለ እጁን ሰብሰብ አድርጎ። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተው የማኅተም ቀለም ግን ሐምራዊ ነበር።

ከቢሮው እንደወጣች ስልክ ደወለች። ከቀትር በኋላ ፖሊሱን አስከትላ እትዬ የሻረግን፣ ያሲርንና በዛብህን መምህሩ ቤት በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። መቀመጥ አልቻለችም፤ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደች ተናገረች።

«መምህሩ በእግራቸው አልወጡም፤ ሶሉ ንጹሕ ነው። የሞቱት እዚህ ነው፤ ባዶ እግራቸውን ተቀምጠው። ገዳዩ አስከሬኑን ከመጣሉ በፊት፣ ባዶ እግሩን ገደል የወደቀ ሰው ያስጠረጥራል ብሎ ፈራ። ዙሪያውን ሲያይ ያገኘው በር ሥር ያለውን ጥቁር ጫማ ብቻ ነው፤ የሚጫሙት ያሲር ጋ ነበርና። እትዬ የሻረግ ቢሆኑ፣ መምህሩ ይህን ጫማ እንደማይችሉት ያውቃሉ። ያሲር ቢሆን፣ የሠራላቸውን ያጠልቅላቸው ነበር። ገዳዩ እግራቸው ከመታመሙ በፊት የሚያውቃቸው፣ ከዚያ ወዲያ ያላያቸው ሰው ነው።»

በዛብህ ተነሣ። «ይህ ግምት ነው!»

«ጫማው ከትናንት በስቲያ ቀለም ተቀብቷል። ያሲር፣ እስቲ የአቶ በዛብህን ሸሚዝ እጅጌ አሽትተው።»

ያሲር ጎንበስ አለ። «የጫማ ቀለም ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ደብዳቤውን የላከው መሥሪያ ቤትም የተማሪውን ስም ነግሮኛል። አቶ በዛብህ፣ አሥራ ሁለተኛን አልጨረሱም፤ ማስረጃው ሐሰት ነው። ይህን የሚመሰክሩት መምህሩ ነበሩ።»

በዛብህ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ዝም ይበሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው» አለ። «አልዋሽም አሉኝ። ገፋኋቸው… ደረጃው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ልገድላቸው አልነበረም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። እትዬ የሻረግ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ሄደው በዛብህ ፊት ቆሙ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አሉ። «ያንን ጫማ ስታጠልቅለትና ስታስርበት፣ ነፍሱ ወጥታ ነበር?»

በዛብህ አንገቱን ደፋ። «ወጥታ ነበር እትዬ።»

«እንግዲያው አላመመውም» አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።