ፊቱ የዞረ በር

የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። እንዲያውም የቀነስኩት ይበዛል።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው... ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች።

ቦታው የገዛ ሳሎኔ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆኖታል። እሱ የፈረሰ ቤት ካየ አያልፍም ነበር። የሰው ባል ሽንኩርት ይዞ ሲገባ የእኔ መስኮት ተሸክሞ ይገባል። ስቆጣው፣ "አዲስ እንጨት ገና ያኮርፋል፣ ይጣመማል። አሮጌው ግን ኩርፊያውን ጨርሷል" ይለኛል።

የሞተው ለልጃችን መኝታ ክፍል እየሠራላት ሳለ ነው። ወለሉ ከፈረሰ መጋዘን የመጣ ጣውላ ነው። መስኮቱ ከነብረት ፍርግርጉ የአሮጌ ትምህርት ቤት ነበር። የቀረው በሩ ብቻ ነው...

ባለ ሁለት ተካፋች፣ ከባድ፣ ማን እንደኖረበት ከማናውቀው ቤት የተነቀለ በር።

ሲገጠም እንዳይምታታ፣ ከፈረሰ ቤት በሚያመጣው ዕቃ ሁሉ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ምልክት ያደርጋል። በዚህ በር ላይ፣ መወርወሪያው ባለበት ገጽ፣ አንድ ቃል ጽፎ ነበር።

"ውስጥ።"

የመጨረሻ ጽሕፈቱ ናት።

የተረፈችውን የጠመኔ ቁራጭ፣ የሸኘነው ቀን፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። አብራው ተቀበረች። ማንም አላየኝም።

በሩን እንዲገጥምልኝ የጠራሁት አናጢ የባለቤቴ ወዳጅ ነው። እሱ ያቆመው ነገር ስለማይዘምም፣ በግንበኞች ቀጥ መለኪያ ስም "ቱምቢ" እንለዋለን።

"ገልብጠህ ግጠመው" አልኩት።

"እንዴት ማለት?"

"ጽሑፉ ወደ ሳሎን ይዙር። ተቀምጬ ልየው።"

"እትዬ፣ መወርወሪያውም አብሮ ይዞራል እኮ! ልጅቷን ከውጭ ሊቆልፉባት ነው?"

"አልቆልፍባትም።"

"ይሄ በር የእኔና የእርስዎ ዕድሜ ቢደመር ይበልጠዋል። ሽማግሌን ፊትህን አዙር ቢሉት ይቀየማል" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም።

ገጠመው።

የግድግዳው ቀለም እስኪደርቅ ልጄ ከእኔ ጋር ትተኛለች። ተካፋቾቹ በክብደታቸው ወለል ብለው እየተከፈቱ ስላስቸገሩኝ፣ ባዶውን ክፍል ከሳሎን በኩል በመወርወሪያው መዝጋት ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች...

ኳ... ኳ... ኳ።

የውጭው በር መስሎኝ ሄጄ ከፈትኩ። ሰው የለም።

ዞር ስል እንደገና ተንኳኳ። ከጀርባዬ... ከባዶው ክፍል።

ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኝ። ባለቤቴ ከሥራ የሚገባው ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

መወርወሪያውን ሳብኩት።

ማንም የለም። የመስኮቱ ፍርግርግ እንዳለ ነው። ግን ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን መታኝ... ዝናብ የጠጣ አፈር ሸተተኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ጠብታ አልጣለም።

ያኔ ገባኝ። እኔ ባስገለበጥኩት በር፣ ውስጡ ሳሎኑ ነው። የልጄ ክፍል ውጭ ሆኗል።

ውጭ ያለ ሰው ነው የሚያንኳኳው።

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን በማግስቱ፣ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ጠበቅሁት።

በማግስቱም። በማግስቱም።

ሥራ ቦታዬ ደውዬ አሞኛል አልኩ። ተንኳኳ፣ ከፈትኩ፣ ማንም የለም። ግን የአፈሩ ሽታ በየቀኑ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ሳሎኑ ይገባል። አንድ ቀን የእሱ ወንበር ከጠረጴዛው አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ አገኘሁት። ወደ ቦታው አልመለስኩትም።

ከዚያ ዓርብ መጣ። ልጄ ከትምህርት ቤት በጊዜ ተለቀቀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ኳ... ኳ... ኳ።

ተነሳሁ። እጄ መወርወሪያው ላይ ሲደርስ ቀሚሴን ያዘችኝ።

"እማዬ... ማን ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

"ማን ነው?"

"አባትሽ ነው።"

በሩን አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። እንዲያ ያለ ሐዘኔታ በልጅ ዓይን አይቼ አላውቅም።

"አባዬ እኮ ቁልፍ አለው" አለች። "አንኳኩቶ አያውቅም።"

እውነቷን ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን አንኳኩቶ አያውቅም።

እኔም አውቀው ነበር።

ኳ... ኳ...

ሦስተኛው ዘገየ። ከዚያ ድምፁ ወደ ታች ወረደ። ከእኔ ፊት ትይዩ ሳይሆን... ከልጄ ፊት ትይዩ።

ኳ።

እጄን ከመወርወሪያው አነሳሁ። ያቺ እጅ ስትነሳ የተሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህም አልጽፈውም።

በማግስቱ ቱምቢን ጠራሁት። "አላልኩዎትም?" ሊል አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ዋጠው።

"ልስበረው? ሌላ በር አላጣም።"

"አይሆንም! አዙረው ብቻ።"

ሲያነሳው ፊደሎቹን ሳልነካ በጣቴ ተከተልኳቸው። ከዚያ ወደ ልጄ ክፍል ዞሩ። መወርወሪያውም አብሮ ዞረ። ሳሎኔ ወደ ሳሎንነቱ ተመለሰ፤ የልጄ ክፍልም እንደገና ውስጥ ሆነ።

ቱምቢ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እኔና ልጄ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እጇ እጄ ውስጥ ነው።

ዘጠኝ ሆነ።

ምንም የለም።

ዘጠኝ ከአምስት... ምንም።

"ሄደ?" አለች ልጄ።

"ሄደ" አልኳት።

ያኔ ነው የብረቱን ድምፅ የሰማነው። ከውስጥ... መወርወሪያው ተንሸራቶ በሩን ቆለፈ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይረብሽ እንደሚጠነቀቅ አባወራ።

"እማዬ..." ጥፍሯ እጄ ላይ ተተከለ። "ክፍሌ ውስጥ ማን ነው?"

እያዳመጥኩ ነበር። እንጨቱን አንድ ነገር ይጭረዋል... ያርፋል... እንደገና ይጭረዋል።

ተንበርክኬ በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት አየሁ። ጥላ የለም። እግር የለም።

ብናኝ ብቻ... ቀስ እያለ የወለሉ ጣውላ ላይ ይዘንባል።

ሰማያዊ ነው።