ከዴልታው አጠገብ የሚቆም ሰው

«አጎትሽን ለዓርብ አውሺኝ» አለች ሬዲዮ።

ድንቢጥ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ እየጠጣች ነበርና ትን አላት። ሬዲዮ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች ሳሉ እስኪበርድላት ጠበቀች። አፏ የማያርፍ ልጅ ናት፤ ስሙም የወጣላት በዚሁ ነው። እንዲህ የምትታገሠው ከባድ ነገር ልትጠይቅ ስትል ብቻ ነው።

«አጎቴ ላጲስ መሰለሽ እንዴ? ምን ያደርግልሻል?»

«አባቴ ይሆንልኛል። አንድ ከሰዓት ብቻ፣ በናትሽ።»

ነገሩን ያመጣችው ዴልታ ናት። የፊዚክስ መምህሩ ክፍሉን ሁለት ሁለት አድርገው ለየጥንዱ አንድ የግሪክ ፊደል አደሉ፤ ለድንቢጥና ለሬዲዮ ሦስት ማዕዘን የምትመስለው ዴልታ ደረሰቻቸው። የቤት ሥራው ፊደሏ በየሙያው ምን ሥራ እንዳላት አድኖ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው። ከመጽሐፍ መገልበጥ ግን ክልክል ነው። በሥራው የሚጠቀምባት ሰው ተፈልጎ በገዛ እጁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይስላታል፤ ከሥሯም ትርጉሟንና ሙያውን ይጽፋል። «ሰው የሌላት ፊደል ለእኔ ሙት ናት» ይላሉ መምህሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ መነጽራቸውን ማውለቅ ይወዳሉ። ያሸነፈው ሰሌዳ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሰቀላል። አንድ የሐሰት ወረቀት የተገኘበት ግን ከውድድሩ ይወጣል።

ድንቢጥና ሬዲዮ አላንቀላፉም። የሒሳብ መምህርቷ ሦስት ማዕዘኗን ስለው ሰጧቸው፤ እሳቸው ጋ አንድ ነገር ምን ያህል እንደተለወጠ ትናገራለች። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ የኬሚካል ለውጥ በሚያሳይ ቀስት አናት ላይ አስቀመጣት፤ እዚያ ደግሞ «አሙቀው» ማለት ናት። የድንቢጥ አጎት የተቃጠለ ሞተር ሆድ ዕቃውን አውጥቶ በአዲስ የመዳብ ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ነው። ሦስቱን ጥቅል ሽቦዎች የአንዱን ጭራ ከሌላው ራስ ጋር ሲያያይዛቸው ዴልታ ይለዋል። ወረቀቱ ላይ ፊደሏን ብቻ ሳይሆን በቫርኒሽ የተለወሰ የአውራ ጣቱን አሻራም ተወበት፤ ድንቢጥ ከሁሉም የወደደችው አሻራውን ነው።

አራተኛውን ሬዲዮ ከቤቷ አመጣች። «ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል ተበታትኖ የሚሠራው ምድር። ያባቴ ጽሑፍ። የወንዝ ጥናት ባለሙያ» ይላል።

ድንቢጥ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አውቃለች። ሬዲዮ ሦስት ማዕዘን ስትስል ከታች ትጀምርና ጫፉን ሳትገጥመው ትተወዋለች። አባቷም ከቤት ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈር ያወቀው ነገር ነው። ግን ምን ትበል? ዝም አለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች ራሷን አጽናናች።

ዛሬ ጠዋት ግን መምህሩ አዲስ ነገር ጨመሩ፤ ዓርብ ዕለት የጻፉት ሰዎች በሙሉ መጥተው ከየወረቀታቸው አጠገብ ይቁሙ።

«አጎቴ የራሱ ወረቀት አለው እኮ» አለች ድንቢጥ።

«አስቤበታለሁ። ሞተር የሚጠቀልለው ሰውዬ ታሟል እንላለን።»

«ጤነኛውን ሰው?»

«ቀላል ጉንፋን ነው፣ አታካብጂ።»

ድንቢጥ ሳቋ መጣ፤ ደግሞም ከፋት። አጎቷ ለዓርብ ብሎ ነጭ ሸሚዙን አሳጥቦ ሰቅሏል። ሞተር ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «ጽሑፌ ቤተ መጻሕፍት ሊገባ ነው» እያለ ማውራት ከጀመረ ሰንብቷል። ቢሆንም ሬዲዮን እንቢ ማለት ስላልሆነላት ከትምህርት በኋላ ተያይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ።

አጎት አንድ የውሃ ፓምፕ ሞተር ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በፒንሳ ሽቦ ያጠማዝዛል። ሰላምታ ሳይጨርስ ለሬዲዮ የሽቦ ጫፍ አስያዛት፤ እዚያ ሱቅ የገባ ሰው ሳይሠራ አይወጣም። እሷም ሽቦውን እንደያዘች ጥያቄዋን አንድ ትንፋሽ ላይ ዘረገፈችው።

አጎት አልሳቀም። «እኔ ስለ ወንዝ የማውቀው ዋና እንደማልችል ብቻ ነው» አለ። ቀጥሎ ፒንሳውን አስቀመጠ። «አባትሽ ግን የእውነት ወንዝ ያውቃል?»

ድንቢጥ ጓደኛዋ ተጠይቃ ዝም ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው።

«ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «የጭነት ጀልባ። አንዴ ምሳ እየበላን ውሃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በጣቱ እየጎተተ ወንዝ ሠራልኝ። ‹እዚህ ሲደርስ ይደክመዋል፣ የተሸከመውን አፈር ያወርድና ይበታተናል፣ ዴልታ ነው የሚባለው› አለኝ። ከዛ ሥራ ብሎ ሄደ። ስልክ መደወልም ተወ።» ሽቦውን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «የሱን እጅ ነበር ማምጣት የፈለግኩት። ግን ውሃ ነው፤ ደርቋል።»

አጎት ወደ ድንቢጥ ዞረ። «ሁንልን ካላችሁኝ እሆናለሁ። ሰሌዳው የናንተ ነው፤ አንቺ ወስኚ።»

ይህ ደግሞ ከእንቢታ የባሰ ነበር። ድንቢጥ መንገዱን ሙሉ አሰበች። አጎቷ ሸሚዙን ለብሶ ስለማያውቀው ወንዝ ሲዋሽ ታያት፤ ሬዲዮም ከጎኑ ቆማ «አባዬ» ስትለው። የሬዲዮ በር ላይ ሲደርሱ ቆመች።

«አላውስሽም» አለች።

«አንቺማ ምን አለብሽ» አለች ሬዲዮ። «ያንቺው ሰው በእጅሽ ነው።» በሩንም ዘጋችው።

እስከ ዓርብ አልተነጋገሩም። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ» እያሉ ቀለዱ። ድንቢጥ ግን አልሳቀችም፤ ጓደኛዋ በጣም ናፍቃት ነበር።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። አጎት በነጭ ሸሚዙ፣ በብብቱ ትንሽ ሞተር ይዞ መጥቶ ከወረቀቱ አጠገብ ተገተረ። ለሚያልፈው ሁሉ አሻራውን ያሳያል። ድንቢጥ ከጎኑ ቆማ በኩራት ልታብጥ በደረሰች ሰዓት ሬዲዮን አየቻት። በሩ ሥር ነበረች፤ አልገባችም፣ አልሄደችም።

መምህሩ ከሰሌዳ ሰሌዳ እየተሻገሩ ወደ እነሱ እየመጡ ነው። ድንቢጥ እዚያው ብትቆም ማንም አይነካትም። የወንዙን ወረቀት ያመጣችው ሬዲዮ ናት፤ «አላውቅም ነበር» ማለት ይበቃል። ምናልባትም እንዲህ ካለች ሰሌዳው ይተርፋል፤ የአጎቷ አሻራም ቤተ መጻሕፍት ይገባል።

«ብቻህን ብትቆም ትቀየመኛለህ?» አለችው።

አጎት በሩን አየ፤ እሷንም አየ። «ሞተሬ አለኝ እኮ» አለ። «ሂጂ።»

ሄደችና የሬዲዮን እጅ ያዘች።

«የጻፈው ሰው ይቁም ነው የተባለው። የጻፍሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ነይ፣ አብሬሽ እቆማለሁ።»

«ከውድድሩ ያባርሩናል።»

«አውቃለሁ።»

«አጎትሽስ?»

«ቤቱ ገብቶ ሸሚዙን ያወልቃል።»

ሬዲዮ ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደመ። በእጅጌዋ ጠረገችውና ተከተለቻት። መምህሩ ሲደርሱ ሁለቱ ከወንዙ ወረቀት አጠገብ ቆመው ነበር።

«የዚህኛው ጸሐፊስ የታሉ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ሬዲዮ፤ ድምፅዋ ከወትሮው አንሶ ነበር። «አባቴ የወንዝ ባለሙያ አይደለም። ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው። ያሳየኝ ግን እሱ ነው። አሁን... አሁን የለም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ለትንሽ ጊዜ ወረቀቱን ተመለከቱና ወደ ድንቢጥ ዞሩ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

ትንሽ ራቅ ብሎ አጎቷ ለአንዲት ሴት አሻራውን እያሳየ ይስቃል።

«አዎ፣ መምህር» አለች ድንቢጥ። «ገና ሳየው ነው ያወቅኩት።» የሬዲዮን እጅም አልለቀቀችም።