ያገር ልጅ ያመጣው ብሮንዚን

ሙስአብን የወደድኩት በንዴት ነው። ወላሂ በንዴት!

ሚሌኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነበር። ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ አባቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ባንኮኒው ላይ የምቆመው እኔ ዘኪያ ነኝ። ሙስአብ ማዶ ካለው ጋራዥ ይመጣና አንድ ብሮንዚን ለመግዛት ግማሽ ቀን ያስቆመኛል። ብሮንዚን ማለት ሞተር ውስጥ ዋናው ዘንግ የሚሽከረከርበት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የጎበጠ ስስ ብረት ነው።

«ይሄ የየት ነው?»

«ጃፓን።»

«ያኛውስ?»

«ቻይና።»

«ጃፓኑ ጃፓን ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለሽ?»

«ካርቶኑ ላይ አታነብም እንዴ?»

«ካርቶን ማንም ያሳትማል እኮ።»

ያገላብጠዋል፤ በጥፍሩ ጫር ያደርገዋል። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል፤ ካየኝ ደግሞ ቶሎ ዓይኑን አያነሳም። አንድ ቀን ብልጭ አለብኝና «አንተ፣ የመጣኸው ለብሮንዚኑ ነው ለኔ?» አልኩት። ጆሮው ቀላ። «ለሁለቱም» አለና ሳይገዛ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል እንጂ ይወደዳል? ተወደደ!

ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርገኝ ከርሞ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሀጂ አብዱልወሃብ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«አገሩ የት ነው?»

«ወሎ ነው ሀጂ፤ የደሴ ልጅ ነው።»

«ዘመዱን ለማላውቀው ሰው ልጄን አልሰጥም።»

በቃ። ሥራውን አልጠየቀ፣ ጸባዩን አልጠየቀ፣ እኔንማ ጭራሽ!

አባቴ ያሰበልኝ አብዱራህማንን ነው። ከዱባይ ዕቃ እያመጣ ለሱቃችን የሚያስረክብ ነጋዴ ነው፤ እንደ አባቴ የወራቤ ሰው። የሱ ሽማግሌዎች እሁድ እንዲመጡ ቀጠሮ ተይዟል፤ አባቴም እሺ ሊላቸው ቆርጧል።

ረቡዕ ጠዋት በድሉ የሚባል የታክሲ ሾፌር ሱቃችን በር ላይ ቆሞ መጮህ ጀመረ።

«ጃፓን ነው ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ብሮንዚን ሳምንት ሳይሞላው ሞተሬን በላው! ሌቦች!»

ሰው ተሰበሰበ። አባቴ ላብ በላብ ሆነ። ብሮንዚኑን የገጠመው ሙስአብ ነበርና ተጠርቶ መጣ። የተላጠውን ብረት በእጁ ይዞ አየው፤ አባቴን አየው፤ እኔንም አየኝ።

«ዕቃው ምንም አይልም» አለ። «አገጣጠሜ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው በድሉ፤ ሞተሩን በነፃ እሠራልሃለሁ።»

ሰው ተበተነ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽው? ብሮንዚን እንኳ መግጠም አያውቅም!» አለኝ። እኔ ግን ብረቱን ሲያይ ፊቱን አይቼ እንደዋሸ አውቄያለሁ።

ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ሙስአብ የበድሉ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ ነበር።

«ውጣ!» አልኩት። ወጣ።

«ለምን ዋሸህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ዕቃው ፎርጅድ ነው አይደል?»

«ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እኔም አጥፍቻለሁ። በድሉ ከሀጂ ሱቅ ገዛሁት ሲለኝ አምኜ ሳልሞክረው ገጠምኩት።»

«እኔ ጋ ስትመጣ በጥፍርህ ስትጭር አልነበር የምትውለው?»

«ያ እኮ አንቺን ለማየት ነው። አባትሽ ያልሞከረውን ዕቃ እንደማይሸጥ መች ጠፋኝ?»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? ሊያስቀኝ ሲል ይበልጥ ተናደድኩ።

«ታዲያ እውነቱን ለምን አልተናገርክም?»

«ሰው ምን ይላል? ‹ልጁን ቢከለክለው ሱቁን አዘጋበት› አይልም? አባትሽ ራሱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እና እኔ እሁድ ለሌላ ልሰጥ?»

እጁን ወደ ጉንጬ ዘረጋና በግራሶ፣ በጥቁሩ የሞተር ቅባት፣ መጨማለቁን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው። አለቀስኩ። ከንዴት ይሁን ከፍቅር እኔም አላውቅም።

ወደ ሱቅ ተመለስኩ። አብዱራህማን ካመጣው ካርቶን አንድ አዲስ ብሮንዚን አወጣሁና ከሚገጠምበት የመቀመጫ ብረት ጋር አባቴ ፊት አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ እስኪ ግጠመው።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ግጠመው!»

ደህና ብሮንዚን ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ መቀመጫውን ይይዛል፤ ቢገለብጡትም አይወድቅም። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ራሱ ነው። ገጠመው፤ ገለበጠው። ወደቀ። ከሌላ ካርቶን አውጥቶ ሞከረ። ያም ወደቀ።

«ስትረከብ ሞክረኸው ነበር?»

«አብዱራህማን ነው ያመጣው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያገር ልጅ ነው ብዬ…»

«ሙስአብን ደግሞ ያገር ልጅ አይደለም ብለህ መለስከው! እሱ ባንተ ፈንታ ተዋረደ፤ አንተ ግን መግጠም አያውቅም አልክ!»

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ጥፊ ጠበቅኩ። አባቴ ግን ካርቶኑን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ቆቡን አስተካከለ፣ ምንም ሳይለኝ አስፋልቱን ተሻገረ። ተከተልኩት።

በድሉ እዚያው መኪናው አጠገብ ቆሟል።

«በድሉ፣ ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ዕቃው ደግሞ የኔ ነው» አለው አባቴ። «ሳልሞክር ሸጥኩልህ። ይቅርታ፣ አፉ በለኝ፤ እኔው እተካልሃለሁ።» ከዚያ ወደ ሙስአብ ዞረ። «አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

«ስምዎ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ሀጂ።»

አባቴ ሙስአብን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ሽማግሌ ሲልክ ያላየውን ያህል።

«አብዱራህማንን እንዲቀር እነግረዋለሁ። እሁድ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።»

ሙስአብ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሀጂ፣ እግዜር… አላህ ይስጥልኝ። ግን እሁድ ሞተሩን ለበድሉ አስረክባለሁ ብያለሁ። ለሚቀጥለው እሁድ ቢሆንስ?»

ያ ረቢ! ይሄ ሰው ሊገድለኝ ነው!

«እሁድ!» ብዬ ጮኽኩ፤ አባቴ ፊት፣ ጋራዡ ውስጥ ባለው ሰው ሁሉ ፊት።

ሙስአብ በዚያ በማይቸኩል ዓይኑ አየኝና ቀስ በቀስ ፊቱ በራ።

«ሞተሩ ሰኞ ይደርሳል ወንድሜ» አለው በድሉ። «እሁድ እኔም ካንተ ሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ።»