የቀደመው ኳስ

ካትሪዮና ማክአስኪል ለባሏ ሻይ ይዛ ወደ ክበቡ መሰብሰቢያ ክፍል የገባችው ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። ላክላን ጠረጴዛው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል። ከጆሮው በላይ ክብ ሆኖ የሰረጎደ ቁስል ይታያል። የመስኮቱ መስታወት ተሰብሯል፤ ከእጁ ሥር ነጭ የቆዳ ኳስ ወድቋል። ካትሪዮና መጀመሪያ ሻዩን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ የግሌንዱራክ መንደር ሰዎች የምንጫወተው ሺንቲ ነው፤ አየርላንዶቹ ደግሞ ሃርሊንግ። ሁለቱም ኳስን በዱላ መምታት ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀን እንግዳ ግን እራቱን ሳይበላ ያድራል፤ አስረድተን አንጨርስም። ሁለቱ አገሮች ሕጋቸውን አቻችለው በየዓመቱ መጸው ላይ መጋጠም ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እንቀናባቸዋለን። እነሱ ሰው የሚያጥለቀልቀው ስታዲየም አላቸው፤ እኛ በግ አባረን ነው ሜዳ የምንገባው። እነሱም በተራቸው ስናሸንፋቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

ያን ዓመት ግን ቅናቱም ዋጋ አልነበረውም። ተመልካቹ ሳስቷል፣ ክለቦቹ ተጫዋች አንለቅም ብለዋል። ግጥሚያው ለአምስት ዓመት እንዲቀጥል የሁለቱ አገሮች ተጠሪዎች በዚያው ቀን እስከ አስር ሰዓት መፈረም ነበረባቸው፤ ካልፈረሙ ያበቃለታል። የእኛ ተጠሪ ላክላን ፈርሟል። የእነሱ ተጠሪ ፊንታን ሄፈርናን ገና ነው። ግጥሚያውን ከሠላሳ ዓመት በፊት የጀመሩት እነዚሁ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ከቀትር በፊት መንደሩ በሙሉ አንድ ነገር ያወራ ነበር፤ ከልምምድ ጨዋታው ያመለጠ ኳስ ሰው ገደለ። ማን እንደመታውም ታውቋል። የአየርላንዶቹ አምበል፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ ካታል፣ ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ኳስ ወደ ክበቡ በኩል አክርሮ መትቶ ነበር። የፊንታን ልጅ ነው።

ኢንስፔክተር ሺና ማክፌይል ከኢንቨርነስ ከተማ ስትደርስ የመንደራችን ፖሊስ በር ላይ ተቀበላት።

«አደጋ ነው እመቤቴ። ፎርሙን ሞልቼዋለሁ።»

«ጎበዝ! እኔን ደግሞ ለምን አስመጣችሁኝ?» አለችና በጭቃ ቦቲዋ አልፋው ገባች። ጉልበቷ እምቢ እስኪላት ድረስ ለሴቶቹ ቡድን ሺንቲ ትጫወት ነበር።

ኳሱን በጓንቷ አንስታ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። የአየርላንድ ኳስ ስፌቱ ጎላ ብሎ ይወጣል፤ የእኛው ልሙጥ ነው። ይሄ የአየርላንድ ነበር። ቀጥላ ወለሉን አየች። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። ስብርባሪው ግን ከመስኮቱ ሥር አልነበረም፤ ጎን ካለው ግድግዳ ጋር፣ ከማሞቂያው ኋላ ተጠራቅሟል። ሺና ቆማ ብዙ አየችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ካታልን ነው። ሜዳው ጠርዝ ላይ፣ ዝናብ ላይ ተቀምጧል። ዱላውን ሰብሮ ከፊቱ ጥሎታል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት ቀና ሳይል። «ሁለተኛ ዱላ አልይዝም።»

«ቆይ እስቲ። ላክላንን ታውቀዋለህ?»

«ከአባቴ ይበልጥ። ይሄን አልኩ ብለሽ እንዳትነግሪው።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «እዚህ ቀርቼ ሺንቲ ልጫወት ፈልጌያለሁ። ለላክላን ጻፍኩለት። አባቴን ስለፈራሁ ዛሬ ጠዋት እሱ ሊነግርልኝ ነበር።»

«ነገረልህ?»

«እንጃ። ከመንገሩ በፊት ገደልኩት መሰለኝ።»

«ስትመታው በየትኛው ኳስ ነበር የምትጫወቱት?»

«በእናንተ።»

ሺና ቀና አለች። «ልማዱ እንደሱ ነው እንዴ? የመጀመሪያው አጋማሽ በእንግዳው ኳስ፣ ሁለተኛው በባለቤቱ አይደለም?»

«ነው። ዛሬ ግን የእናንተው ይቅደም አልኩ። አምበል ነኝ፤ ልለምደው ፈለግሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ። አጋማሹ ሳያልቅ ነው ጩኸት የሰማነው።»

«ያንተ ኳስ የት ወደቀ?»

«ጣሪያውን ሲሻገር ያየሁት መስሎኝ ነበር። ኳሱ አጠገቡ ተገኘ ሲሉኝ ግን ዓይኔን አላመንኩትም።»

በዚያ ሰዓት ከተጫዋቾቹ ሌላ ክበቡ አካባቢ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ኩሽና የነበረችው ካትሪዮና ሻይ ማንኪያ እያጠበች ነበር፤ የታጠበውን መልሳ ታጥበዋለች።

«ባልሽ ጠላት ነበረው?» አለቻት ሺና።

«እኔ ነበርኩ» አለች ካትሪዮና። «ሠላሳ መጸው ሙሉ። ሴት ብትኖረው ፀጉሯን እነጭ ነበር፤ ከአንድ ግጥሚያ ጋር ግን ምን ብዬ ልጣላ? ልደቴን ይረሳል፣ የአየርላንዶቹን ተቀያሪ በረኛ ልደት ግን አይረሳም።»

«በየትኛው ኳስ እንደጀመሩ አየሽ?»

«ለኔ ኳስ ኳስ ነው፣ እህቴ። ሁሉንም እኩል እጠላዋለሁ።»

የክበቡ ፕሬዚዳንት ቶርኲል ሮዝ ቢሮው ውስጥ ከስልኩ ጋር ነበር። ግጥሚያው እንዲቀር ከሚፈልጉት ዋነኛው እሱ ነው፤ ይህንንም አይደብቅም።

«ተጫዋች ሰው ገደለ ተብሎ ማን ይፈርማል? ያሳዝናል፤ ግን አለቀ።»

«ያሳዘነዎት አይመስልም። በየትኛው ኳስ እንደጀመሩስ አይተዋል?»

«ላክላን በመንገድ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሰላም ይለዋል። እኔ ሳልፍ ግን ቡችላዬን ነው ሰላም የሚሉት። ቀንቼበታለሁ፣ አልዋሽም። ከአራት ሰዓት እስከ ጩኸቱ ድረስ ግን ከሊጉ ሰዎች ጋር ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ደውለሽ ጠይቂ። ስለ ኳሱ ምኑን አውቄ!»

ደወለች። እውነቱን ነበር።

ፊንታን ሄፈርናን ኮሪደሩ ውስጥ፣ የሁለቱ ቡድኖች የኳስ ከረጢቶች አጠገብ ተቀምጧል። ሰፊ ትከሻ ያለው ሽማግሌ ነው። ጉልበቱ በወጣትነቱ ስለተሰበረ ድቡልቡል ራስ ካለው ምርኩዙ አይለይም። ሺናን ሲያይ በአክብሮት ሊነሳ ሞከረ፤ ወንበሩን ተደግፎ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«ምርኩዝዎስ?»

«መኪና ውስጥ ረስቼው።»

መኪኖቹ የቆሙት ከጭቃው ማዶ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀው ነው። ሺና በአንድ እግሩ እየዘለለ ሲሻገር ለማሰብ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ጠዋት ላክላንን አግኝተውታል?»

«የለም። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ሜዳው ጠርዝ ላይ ነበርኩ። ልጄን ሳይ።»

«በየትኛው ኳስ ጀመሩ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ልጄ? በኛ ነዋ! እንግዳ ይቀድማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው።»

ሺና አመስግናው ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመንደራችን ፖሊስ፣ ፎርሙን ቀድዶ፣ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል አንድ ነገር በፕላስቲክ ጠቅልሎ አመጣላት። ከክበቡ ጀርባ ካለው ሳማ ውስጥም ልሙጥ ስፌት ያለው ኳስ ተገኘ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም መሰብሰቢያው ክፍል ገባን። ያልተፈረመበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። ካታል በር አጠገብ ቆሟል፤ ከልብሱ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ላክላንን ኳስ አልገደለውም» አለች ሺና። «ከውጭ የመጣ ኳስ መስታወት ሲሰብር ስብርባሪው መስኮቱ ሥር ይረግፋል። ይሄ ግን ግድግዳው ሥር ነው ያለው። ለምን? አንድ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ወደ ግድግዳው ካስጠጋው በኋላ፣ የውጭውን ገጽ መትቶ ሰበረው። ከዚያ መልሶ ዘጋው።»

«እሺ፣ ኳሱስ?» አለ ቶርኲል።

«ኳሱ የአየርላንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን አንድም የአየርላንድ ኳስ ሜዳ አልገባም፤ ካታል የእኛን አስቀድሟል። የካታል ኳስ ጣሪያውን ተሻግሮ ሳማ ውስጥ ወድቋል። ይኸውና።»

ካታል ኳሱን አየው። እጁ ግን ለመቀበል አልተዘረጋም።

«ታዲያ ገዳዩ ለምን የአየርላንዱን መረጠ? ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ከሁለቱ ያገኘውን ያነሳ ነበር። ጠዋት ሜዳ ላይ የነበረ ደግሞ የእኛን ያነሳል። ይሄ ሰው ልማዱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዛሬ ግን ሲጀመር አልነበረም። ሦስታችሁንም ጠየቅኋችሁ። ሁለታችሁ አናውቅም አላችሁ። አንዱ ብቻ ሜዳው ጠርዝ ላይ ነበርኩ ብሎ፣ ሳያመነታ በኛ ነው የተጀመረው አለኝ።»

ማንም ወደ ፊንታን መዞር አልፈለገም፤ ሁላችንም ግን ዞርን።

ሺና ፕላስቲኩን ገለጠች። ድቡልቡል ራስ ያለው ምርኩዝ ነበር። «ከተጫዋቾቹ አርባ ዱላዎች መሃል ተሰክቶ ነው የተገኘው። ታጥቧል። የምርመራው ውጤት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ እኔ መጠበቅ እችላለሁ። ልጅዎ ግን ከጠዋት ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብሎ ዝናብ ላይ ተቀምጧል፣ አቶ ሄፈርናን። እርስዎ ደግሞ ከዚህ ኮሪደር ሆነው ያዩት ነበር።»

ፊንታን እጁን ወደ ምርኩዙ ዘርግቶ መለሰው።

«ኳሱ ማንም የመታው ይሁን አልኩ እንጂ» አለ፣ «በሱ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም። ከወደቀም በኋላ አፌ አልከፈት አለኝ።»

«ለምን?» አለ ካታል። «ምን አደረገህ?»

«ምን አደረገኝ? አምስት ዓመት ሲሆንህ ዱላ ጠርቤ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። በየሜዳው ያመላለስኩህ እኔ ነኝ። ከኔ ጋር ስታወራ ሰዓትህን ታያለህ። ከሱ ጋር ግን ትስቃለህ፤ ከኮሪደር ሆኜ ስንት ጊዜ ሰማሁህ! ዛሬ ደግሞ ገብቶ ‹ልጅህ እኛ ጋ ሊቀር ነው፣ ደስ አይልህም?› አለኝ። ደስ አይልህም! ፈገግ እያለ እኮ ነው። ቀናሁ። ቀንቼ መታሁት። ሌላ ምን ልበል?»

ካትሪዮና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቶርኲል ባርኔጣውን አወለቀ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይላል። ፊንታን ጠረጴዛውን ተደግፎ ወደ ወረቀቱ እጁን ዘረጋ።

«እስክሪብቶ ስጡኝ። እስከ አስር ሰዓት ተጠሪ ነኝ። ልፈርምልህ፣ ልጄ። ግጥሚያው ይቀጥልልህ። ይሄን እንኳ ከኔ ተቀበል።»

ሺና አልከለከለችውም። ካታል ግን ቀድሞ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው።

«አንተ አትፈርምበትም።»

«ካልፈረምኩ እኮ አለቀ! ከእንግዲህ ጨዋታ የለም። የት ልትጫወት ነው?»

«ይለቅ።»

«ካታል፣ የሠላሳ ዓመት ሥራዬ ነው!»

«የላክላንም ነበር» አለው ልጁ።

ፖሊሱ ፊንታንን ክንዱን ደግፎ አወጣው፤ ያለ ምርኩዝ መራመድ ስለማይችል በሩ ድረስ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ካታል አንድ ፊርማ ብቻ ያለበትን ወረቀት ደረቱ ላይ እንደያዘ ቆሟል። አስር ሰዓት ሞልቶ እስኪያልፍ ድረስ ማናችንም ስጠን ልንለው አልደፈርንም።