ሃምሳ ሦስት ጠጠር

ይህ ታሪክ ከእግር እስከ ራሱ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የጣርማ በር ንፋስ እንደ ገለባ ይዞኝ ይሂድ።

በ1972 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ደብዳቤ የሚያድሉት መምህር አንድ ፖስታ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ ሳያስቡት ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ለሌባዋ አፊፋ ዓወል!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ፣ ምን ሰርቀሽ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ። አፊፋ ፖስታውን ነጥቃ ስትሮጥ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር።

ጽሕፈቱ የነሲባ ነው፤ የአልዩ አምባዋ አብሮ አደጓ። አፊፋ ለትምህርት ደብረ ብርሃን ከመጣች ወዲህ ሁለቱ በፖስታ ገበጣ ይጫወታሉ። ውስጥ ያለው ወረቀት በየኬላው እየተከፈተ ይጠፋል፤ አድራሻ ግን ማንም አይጥልም። ስለዚህ ጨዋታውን አድራሻው ላይ ጫኑት። ከስምና ከአገር ቀጥሎ አሥራ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፦ በየጉድጓዱ ያለው ጠጠር። በመጨረሻም የተበላው። ፖስታው የደረሳት ገበጣዋን እንደ ቁጥሩ ትደረድራለች፣ ትጫወታለች፣ አዲሱን ቁጥር ጽፋ ትመልሳለች። ድምሩ ሁልጊዜ አርባ ስምንት ነው።

ዛሬ ግን በቁጥሮቹ ፋንታ እንዲህ ይላል፦ «53! አምስቱን ጠጠር ከደጃችሁ ለቅመሽ ነው? ገበጣውም ጓደኝነታችንም በቃ።»

«ወላሂ አልጨመርኩም!» ብላ ብቻዋን ጮኸች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ አዲስ ፖስታ ላይ «ለውሸታሟ ነሲባ ፈረጅ» ብላ ጽፋ፣ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ወረወረችው።

አቶ ገብረ ጻድቅ፣ ማኅተም መቺው፣ አዩትና ደነገጡ። «ቁጥሩስ? ጨዋታው አለቀ እንዴ?»

«የምን ጨዋታ?» አፊፋ አንገቷን በመስኮቱ አሰገገች። ከማኅተሙ አጠገብ ገበጣ ተደርድሯል፤ የእሷው የመጨረሻ አሰላለፍ! አንዷ ጉድጓድ ብቻ እሷ ሦስት ብላ የጻፈቻት፣ ስምንት ጠጠር ይዛለች።

«ሦስቷን ስምንት ያደረጓት እርስዎ ነዎት!»

«ቀስ በይ ልጄ! ሦስት ብትሆን ነሲባ በሚቀጥለው ትጠርግሽ ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም።»

«አንጀትዎን ይያዙት! እኔን በተማሪ ፊት ሌባ አስባሉኝ!»

«ይቅርታ የኔ ልጅ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «የሰው ፖስታ መነካካቴን ቀበሌ ከሰማ ግን አሻጥረኛ ብሎ ይወስደኛል።»

አፊፋ እስክሪብቶዋን ጨበጠች። «ፖስተኛው ነው» ብላ ብትጽፍ ነሲባ ታምናታለች፤ ግን ከነሲባ በፊት ኬላው ያነበዋል። ዝም ብትል ደግሞ ሌባ ሆና ልትቀር ነው። የራሷን ፖስታ አንሥታ ለሁለት ቀደደችው።

«የአንኮበር መኪና መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ጠዋት። አልዩ አምባ ግን ከዚያ በእግር ነው፣ ቁልቁለቱን።»

«ወርጄ በአፌ እነግራታለሁ። እርስዎ ይህን ገበጣ ከፊቴ ያንሡልኝ!»

በሩን ያጋጨችበት ድምፅ ገበያ ድረስ ተሰማ።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። አቶ ገብረ ጻድቅ ይቅርታ አላሉም። «ድሮስ የዳሯን ጉድጓድ ጠጠር ማን አንሺ አለሽ!» ነው ያሉት።