ከምግብ በኋላ

ሐምሌ 4 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲስተር ሙሉብርሃን የቾልን እግር ፋሻ ፈትታ ቁስሉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ኛጋይ በነርሷና በበሽተኛው መካከል በተቀመጠችው ዱካ ላይ ሆና የሚተረጎም ቃል ትጠብቅ ነበር። ወጣቱ ዓሣ ሊወጋ የወረወረው ጦር የገዛ እግሩን ካገኘው ሰንብቷል። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር፤ ቁስሉ ግን አልሻለውም። እንዲያውም ጠርዙ ጠቁሮ፣ እብጠቱ ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ወደ ባቱ መውጣት ጀምሯል።

ክሊኒኳ ከኢታንግ ወጣ ብላ ባሮ ዳር የተሠራች ናት። የጋምቤላ ክልል ራሱን ማስተዳደር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመት ነውና የበሩ ሰሌዳም፣ ማኅተሙም፣ ከደጋ ተመድበው የመጡት ባለሙያዎችም አዲስ ነበሩ። ከጥበቃው ከዱዎት በቀር ኑዌርኛ የሚያውቅ ሠራተኛ አልነበረም፤ የዱዎት አማርኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍልን በአንደኛነት ያጠናቀቀችው ኛጋይ ለክረምቱ በአስተርጓሚነት ተቀጠረች።

ኃላፊው አቶ ጥዑመልሳን ሥራውን ያስረዷት በአጭሩ ነበር። አስተርጓሚ ቧንቧ ነው፤ ውሃ ያስተላልፋል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። ይህን ደንብ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሳው ነበር። አንዲት እናት ልጇ ሲያስቀምጠው ምን እንደምታደርግ ስትጠይቅ፣ ሲስተር ሳትናገር እሷ ቀድማ ውሃ እንድታፈላ መከረቻት። አቶ ጥዑመልሳን በር ላይ ቆመው ኖሮ ሰሙ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከሲስተር አፍ አልወጣም። ከደገመችው ዱካው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ኛጋይ ቃል በቃል ከመተርጎም ዝንፍ ብላ አታውቅም።

«መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነ ጠይቂው» አለች ሲስተር በመጨረሻ።

ቾል እንደታዘዘ መውሰዱን መለሰ። ግንባሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡት፣ ለአዋቂነት የተበጡት መስመሮች ገና ትኩስ ናቸው፤ ከኛጋይ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ሲስተር ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ መሆኑን አስታውሳ እንደገና አስጠየቀችው። መልሱ ያው ሆነ።

«በደንብ ይበላል? ምግብ ይበላል ወይ በይው።»

ኛጋይ ተረጎመች። ቾል አገጩን ቀና አድርጎ፣ ከእሷ ራስ በላይ አሻግሮ በሩን እያየ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጠግቤያለሁ» አለ።

ሲስተር ጓንቷን አውልቃ ወረወረችው። ይህን ቁስል ይህ መድኃኒት ሊያሸንፈው ይገባ ነበር፤ ስለዚህ ልጁ ወይ ሸጦታል፣ ወይ ጥሎታል፣ አለች። ሐሙስ ወደ ጋምቤላ የሚሄድ መኪና አለ። እስከዚያ እብጠቱ ካልጎደለ ሆስፒታል ይላካል፤ እዚያ ደግሞ እግሩን ሊቆርጡት ይችላሉ። ኛጋይ ይህም ይተርጎም እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀች። ሲስተር በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ቾል እስከ መጨረሻው አዳመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ኛጋይም ወደ አማርኛ መለሰችው።

«‹ባንድ እግር ከብት ይከተሏል ወይ?› ነው የሚለው።»

ሲስተር አዲስ ፋሻ አንሥታ እግሩን ጠቀለለችለት።

ለመውጣት ሲነሣ የሽርጡን ጫፍ ፈትቶ አሳያቸው። ካፕሱሎቹ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ ዝናብ ሳይነካቸው፣ ንጹሕ ሆነው ተቋጥረዋል። እስካሁን ማለቅ የሚገባቸው ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ ግን እዚያው አሉ። ሲስተር «ይኸውልሽ» ብላ ፊቷን አዞረች። ኛጋይ ግን ዓይኗን ከቋጠሮው መንቀል አቃታት። የሚሸጥ ሰው ለምን ያስቀምጣል? የሚጥልስ ሰው ከዝናብ ለምን ይጠብቃል?

ጥያቄው ቀኑን ሙሉ አለቀቃትም። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወደተቀመጠው ወደ ዱዎት ሄዳ ስለ ቾል የሚያውቀውን አወጣጣችው። ዱዎት ብዙ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ልጁ ከብቶቹንና ቤተሰቡን ሩቅ ትቶ የመጣ ነው፤ ያረፈው ከገበያው ጀርባ፣ በአባቱ ዘመድ ግቢ ነው። ቀጥላ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማታ የት እንደሚተኛ ስትደረድርበት ዱዎት ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽ ከበሽተኛው በዛ። ልታገቢው ነው?»

«አጎቴ ዱዎት፣ እግሩ ነው ያሳሰበኝ።»

«እሱን ሁሉም ይላል» አለና መልሶ ሳቀ።

የዚያን ዕለት ማታ የታላቅ ወንድሟ ጓደኞች ቤት መጡ። እናቷ ገንፎውን በሣሕን አድርጋ ሰጠቻት። ኛጋይ እንደ ወትሮዋ ሣሕኑን ወንዶቹ ካሉበት ጎጆ ደጃፍ አስቀምጣ፣ ፊቷን አዙራ ተመለሰች። ወንድሟ እስክትርቅ ጠብቆ ሣሕኑን አስገባ። ጓደኞቹ ደግሞ ስለ ምግቡ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ስለ ኳስ ጨዋታ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

ይህን ያላደረገችበት ቀን አልነበረም፤ ስም ሰጥታው ግን አታውቅም። ግንባሩ የተበጣ የኑዌር ወጣት ዘመዱ ባልሆነች ልጃገረድ ፊት አይበላም፤ መብላት ብቻ አይደለም፣ ራበኝም በላሁም አይልም። ትምህርት ቤት እንኳ የክፍሏ ወንዶች በእረፍት ሰዓት ዳቧቸውን ይዘው ከማንጎው ጀርባ ይሰወራሉ። እሷና ጓደኞቿ «የኛ ወንዶች አየር በልተው ነው የሚያድጉት» እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። አንዱ ደፋር በቆሎ እየጋጠ በሴቶቹ መካከል ያለፈ ዕለትማ ዓመቱን ሙሉ መሣለቂያ ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲያውስ «ጠግቤያለሁ» መልስ አልነበረም። ጨዋነት ነበር። ሲስተር የጠየቀችው ስለ ሆዱ ነው፤ ጥያቄው የወጣው ግን ከኛጋይ አፍ ነው። እሷ ባለችበት ያ ጥያቄ መቼም እውነተኛ መልስ አያገኝም። ቾል ይብላ አይብላ ደግሞ በክሊኒኩ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

በማግሥቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ገና ሳይደርስ ክሊኒኩ በር ላይ ተገኘች። ቾል ፋሻውን ለማስቀየር ቀድሟት መጥቶ ከዋርካው ሥር ተቀምጧል። ሲስተር አልደረሰችም። ጠይቂ ብሎ ያዘዛት ሰው የለም። ዝም ብላ ዱካዋ ላይ ብትቀመጥ የሚወቅሳት አይኖርም፤ ሐሙስ መኪናው ይመጣል፣ ቾልም ይሄዳል። ብትጠይቅ ደግሞ አቶ ጥዑመልሳን የነገሯትን ደንብ ለሁለተኛ ጊዜ መጣሷ ነው። ቧንቧው የት ላይ እንደሚያፈስ ማየት ግን ውሃ መጨመር ነውን? ራሷን እየጠየቀች ወደ ዱዎት ሄደች፤ ስለ ምግቡ እሱ እንዲጠይቅላት ለመነችው።

ዱዎት ሥራዋን እሱ ከሠራ ደሞዟን ለማን እንደምትሰጥ ጠየቃት። ቀጥሎ ግን ፊቷን አየና ቀልዱን ትቶ ወደ ቾል ሄደ።

ኛጋይ ከጓሮ፣ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት በርሜል ኋላ ተሸሸገች። ቃላቱ አይሰሟትም፤ ድምፁ ግን ይሰማታል። ትናንት ሦስት ቃል ለመናገር የጨነቀው ልጅ አሁን ሳያቋርጥ ያወራል። አንዴ እንዲያውም ሁለቱም ሳቁ። ምን ብለው ይሆን? ከግድግዳው ጥግ ብቅ ልትል ከጅላ ራሷን ገታች።

ዱዎት ሲመለስ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። የዘመዱ ቤት በቆሎ ገና አልደረሰም፤ ባሮ ሞልቶ ዓሣው ጠፍቷል። ድስት የሚጣደው በቀን አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጠዋት ከማታው የተረፈች ትንሽ ነገር ብትኖር የልጆቹ ናት፤ ቾል እንግዳ ነህ ብለው እንዳይቸገሩለት እየተነሣ ይወጣል።

«መድኃኒቱንስ?» አለች ኛጋይ።

«‹ከምግብ በኋላ› አላችሁት። ምግብ ማታ ነው። ማታ ይውጣል።» ዱዎት በትሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የመጀመሪያው ቀን ቁርስና ምሳ እስኪመጡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ አለኝ። ሳልበላ ብውጠው ትእዛዝ ማፍረስ ይሆናል ብሎ ፈራ።»

ሲስተር ሙሉብርሃን ስትደርስ ኛጋይ ቆማ ጠበቀቻት። ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ ያለ ፈቃድ ማስጠየቋንም አልደበቀችም። የሲስተር የመጀመሪያ ቃል ማን እንዳዘዛት የሚጠይቅ ነበር። ማንም፣ አለች ኛጋይ። ሲስተር ካፖርቷን ለመልበስ አንድ እጅጌ አስገብታ በዚያው ቆመች።

«እኔ ባደግሁበት አገር ‹ከምግብ በኋላ› ማለት በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «የተቸገረም ቢሆን የሚሰማው እንደዚያ ነው።»

«ሳይበላ ቢውጠውስ?»

«ሆዱን አቃጥሎ ያስመልሰዋል። በከንቱ አይደለም እንደዚያ የምንለው። ጠዋትም ቀትርም ትንሽ ነገር ሆዱ ውስጥ ያስፈልጋል።» እጅጌዋን አስተካከለች። «ሰዓቱን በፀሐይ እንነግረዋለን። ምግቡን ግን ከየት ላምጣው?»

ኛጋይ ወደ ግምጃ ቤቱ በር አየች። በውስጡ የፋፋ ዱቄት እንዳለ ታውቃለች፤ ለከሱ ሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች ብቻ የሚሰጥ ነው። ሲስተር፣ ኛጋይ ወዴት እንደምታይ ገባትና በእምቢታ ራሷን ወዘወዘች። ቁልፉ በአቶ ጥዑመልሳን እጅ ነው። ባለፈው ወር ዱቄቱ ከቀኑ በፊት አልቆ ሕፃናት ባዶ ሣሕን ይዘው ተመልሰዋል፤ በዚህ ላይ እሷ ሄዳ ለሌላ በሽተኛ እንደማትለምን ተናገረች። ለበሽተኞቹ ወረፋ ልታስይዝ ወጣች። ኛጋይን ተከተይኝ አላለቻትም፤ ቆይም አላለቻትም።

የአቶ ጥዑመልሳን ቢሮ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ኛጋይ እስከዛሬ ሳትጠራ ገብታ አታውቅም። ዱካዋ ከምርመራው ክፍል ውስጥ ባዶዋን ትታያለች፤ ዛሬ ሌላ ሰው ሊቀመጥባት እንደሚችል አሰበች። ባቱ ላይ የወጣውን እብጠት ደግሞ አሰበች። አንኳኳች።

ግቢ አሏት። ከበሩ ሳታልፍ፣ ክፍል ውስጥ ትምህርት እንደምታስረዳ ነገሩን በቅደም ተከተል አቀረበች። ማን እንደጠየቀ፣ ለምን ወንድ መጠየቅ እንዳስፈለገ፣ ካፕሱሎቹ ለምን እንደተረፉ፣ ሲስተር ምን እንዳለች ተናገረች። የሲስተርን ቃል ስትደግም አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የፋፋው ጉዳይ ሲነሣ እጃቸው ቁልፉ ወዳለበት መሳቢያ ሄዶ ከጫፉ ላይ ቆመ። ውጭ፣ ከመስኮቱ ማዶ፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች ተራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እሳቸው የሚያዩት እነሱን ነበር።

«ይህ ሁሉ ሲስተር እንድትናገሪ የነገረችሽ ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

«አይደለም፤ ይህንን እኔ ነኝ የምለው» አለች ኛጋይ። «እስከ ሐሙስ ብቻ፣ ጠዋትና ቀትር አንድ አንድ ኩባያ ይፈቀድለት። ዱዎት በጓሮ በኩል ይሰጠዋል። እኔ አላይም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር። እናቶቹ እየተነሡ ወደ በረንዳው ተጠጉ። አቶ ጥዑመልሳን እጃቸውን ከመሳቢያው ጫፍ ሳያነሡ፣ መሳቢያውንም ሳይከፍቱ፣ ወደ ውጭ ያያሉ።

ኛጋይ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።