ለሾኔ አንድ ሰው ቀረ

እኔ ዓለምን ዞሬ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ ሰይጣን ራሱ መንገድ ላይ ሲያየኝ ተሻግሮ በማዶ ነው የሚያልፈው፣ ጥላ አየን፣ ድምፅ ሰማን በሚሉ ሰዎች ላይ ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ የእኔን ያህል ያሾፈ የለም። እርግጥ ዓለምን ዞርኩ ስልህ በዘመድ ትኬት ነው፤ ጆሃንስበርግ ታናሽ ወንድሜ ጋ፣ ዱባይ የሚስቴ እህት ጋ፣ ካናዳ የአጎቴ ልጅ ጋ፣ እውነቱን ከነገርኩህ ከዓለም በደንብ የማውቀው የዘመዶቼን ሶፋ ነው። የመጨረሻዋ ከተማ ግን ትሮምሶ ነበረች፣ ኖርዌይ ውስጥ፣ ከእሷ ወዲያ ያለው በረዶና እግዚአብሔር ብቻ ነው።

እዚያ የሄድኩት ለሽርሽር እንዳይመስልህ። ታናሽ እህቴን ምሕረትን ፍለጋ ነው። አባባ መናኸሪያ ውስጥ የሾኔ ተሳፋሪ ሲጠራ ያረጀ ሰው ነው፣ ዝንጅብሉን እያኘከ "ሾኔ፣ ሾኔ፣ ሾኔኔኔ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!" ሲል፣ እመነኝ፣ ከከተማ ውጭ ሀቢቾ መንደር የሚያርስ በሬ ቀና ይላል። አባባ "አንድ ሰው ቀረ" ካለ አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ማንም የለም ማለት ነው፣ ይህን አገር ሁሉ ያውቃል፣ እያወቀም ይሮጣል። ታዲያ ጉሮሮውን ታሞ ኦፕራሲዮን ሲሆን ያ ድምፅ ጠፋ፣ ጭራሽ። ለምሕረት አልነገርናትም፣ ውጭ አገር ላለ ሰው ሕመም እንደማይነገር አንተም ታውቃለህ፣ በሰው አገር ብቻዋን ትደነግጣለች ብለን። እሷ ደግሞ የሄደችው አባባ ያጨላትን ሰው እምቢ ብላ ነው፤ በዓል ሲሆን ትደውላለች፣ አባባ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ እሷም "አሁንም ቂም ይዞ ዘጋኝ" ብላ ስልኳንም ቤቷንም ቀይራ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ አባባ ገበታ ዙሪያ ያለነውን በዓይኑ ይቆጥርና አንድ ጣቱን ያነሳል። አንድ ሰው ቀረ ማለቱ ነው።

ልሄድ ስነሳ ክዳኑ በፕላስተር የተጠቀለለ የቅቤ ባልዲ አስታቀፈኝ፣ "በእጇ" አለኝ በምልክት፣ መዳፉን በመዳፉ እየመታ።

ትሮምሶ የገባሁት በሰኔ ነው፣ በሰኔ እዚያ አይመሽም፣ መንፈስ የሚወጣው በጨለማ ነው ብለህ እንዳትከራከረኝ፣ ጨለማ ራሱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። በያዝኩት የድሮ አድራሻ ሄጄ ባንኳኳ አንድ ጺማም ሰውዬ ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ፣ አያውቃትም። የመመለሻ በረራዬ በማግስቱ ነው። አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ ቅቤዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ፣ ባዶ እጄን ተመልሼ ለአባባ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ።

ያኔ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ የወፍ ጩኸት መሰለኝ፣ ቀጥሎ ከመስታወቱ ጀርባ፣ "ሾኔ… ሾኔ…" ዞር አልኩ፣ ማንም የለም፣ መብራት ምሰሶ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ብቻ ቆማ እንደ ቀረጥ ሠራተኛ ባልዲዬን ታየዋለች። "ሾኔኔኔ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!" የአባባ ድምፅ ነው፣ የዛሬው ትንፋሽ ሳይሆን የድሮው፣ ያ በሬ የሚያስደነግጠው። በዚያው ቅጽበት አንድ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ፣ የሆሳዕና ልጅ "አንድ ሰው ቀረ" ሲባል ደግሞ አያስብም፣ ይሮጣል፤ ሮጬ ገባሁ። ውስጡ እንደ አባባ ልማድ ባዶ ነበር።

ሹፌሯ ቀና ብላም አላየችኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ፣ ጠፍ ጠፍ፣ እኛ ጋ ረዳት "ሳበው!" ሲል እንደሚመታው። ተንቀሳቀስን። ዞሬ ልይ ብል አንገቴ እምቢ አለኝ፣ ቅቤውን ጭኔ ላይ አድርጌ መዝሙር ጀመርኩ፣ ግጥሙ ጠፋኝ፣ ድልድይ ተሻገርን፣ ድንገት ዝንጅብል ሸተተኝና ጆሮዬ ሥር "ወራጅ አለ!" ተባለ፣ ትንፋሹ ሞቀኝ፣ እምልልሃለሁ። አውቶቡሱ ቆመ። እኔም ወረድኩ አልልህም፣ ፈሰስኩ ነው የሚባለው።

ፊት ለፊቴ አንዲት ሴት የሥራ ልብሷን ለብሳ ከአንድ ሕንፃ ወጣች።

"ጋሼ?" አለች።

ምሕረት ናት። ተቃቀፍን፣ ባልዲው መሃላችን እንዳለ። ፈቀቅ ስትል ሱሪዬን አየችና "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ፣ "ቅቤው ቀልጦ ነው" አልኳት።

"ቤቴን ማን አሳየህ?"

አውቶቡሱ ወደሄደበት ዞሬ አየሁ።

"አባባ ነው አይደል?" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሥራ ስሄድ እዚህ ፌርማታ ላይ እሰማዋለሁ። ቤቱን የተከራየሁት ለዚያ ነው። አበደች እንዳልባል ለማንም አልተናገርኩም። ስልክ ላይ አንዲት ቃል ይነፍገኛል፣ እዚህ ግን ሲጠራኝ ይውላል!"

የጉሮሮውን ነገር ነገርኳት። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እንዳትደነግጪ ብለን ነዋ።"

"እና አሁን አልደነገጥኩም? እናንተ ሰዎች ግን!" አለችና በቦርሳዋ መታችኝ፣ እያለቀሰች ሳቀች።

በስልኬ ቪዲዮ ደወልን። አባባ ሲያያት አፉ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ የወንበሩን ክንድ በመዳፉ ሁለቴ መታ፣ ጠፍ ጠፍ። "መጣሁ አባባ፣ ቦታ ያዝልኝ" አለችው። ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓላችን፣ ትኬት ቆርጣለች፣ ዘንድሮ አባባ ጣቱን አያነሳም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኔ ከሄድኩ ወዲህ ፌርማታው ጭጭ ብሏል ትላለች፣ አባባም ዛሬም ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ታዲያ ያ ድምፅ አሁን የት ነው ያለው፣ ማንንስ እየጠራ ነው? መናኸሪያ አጠገብ ሳልፍ ጆሮዬን በእጄ እደፍናለሁ።

ቅቤውን ደግሞ ምሕረት ቤት ገብተን ከፈትነው። ፕላስተሩ እንደታሸገ ነበር፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። ሱሪዬን ያረጠብኩት ራሴ ነኝ።